ካርድ እስኪሰጥ አለመጠበቅ፦ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው የእንግሊዝኛ ትምህርት መረጃ የሚያገኙባቸው መንገዶች

በሰኔ ወር መጨረሻ በሰንጋ ተራ፣ በካዛንቺስና በአካባቢያቸው በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ካርድ ለመቀበል የሚመጣው ወላጅ ቁጥሩ ብዙ ነው። አብዛኛው ወላጅ ካርዱን እንደከፈተ ዓይኑ የሚያርፈው በአማካይ ውጤቱና በደረጃው ላይ ነው። ሁለቱ መልካም ከሆኑ ካርዱ ታጥፎ ይቀመጣል። ከአማካዩ በላይ በአንዱ ረድፍ ላይ የሰፈረው የእንግሊዝኛ ውጤት ግን ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች ያሏቸው ወላጆችና አሳዳጊዎች ስለ ልጆቻቸው የእንግሊዝኛ ትምህርት ምን መረጃ፣ ከማን፣ መቼና እንዴት ማግኘት እንደሚችሉ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆችም ልጆቻቸውን የሚከታተሉበት መንገድ ተመልክቷል።

ጉዳዩ ለምን አጣዳፊ ሆነ?

በአማርኛ በሚያስተምሩ የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ የመማሪያ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ተማሪው 7ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ሒሳብ፣ አጠቃላይ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስን የመሳሰሉ ትምህርቶች መጽሐፋቸውም ፈተናቸውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። እስከ 6ኛ ክፍል ከበርካታ ትምህርቶች አንዱ የነበረው እንግሊዝኛ በአንድ ክረምት ልዩነት የሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ መግቢያ በር ይሆናል ማለት ነው።

ስለሆነም በ5ኛ ክፍል ቀላል የእንግሊዝኛ አንቀጽ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ችግሩ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። ሒሳብ እየቻለ የሒሳቡን ጥያቄ ባለመረዳቱ ይወድቃል። የሳይንሱን ሐሳብ በአማርኛ ቢጠየቅ የሚመልሰው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ወላጅም ልጁ በድንገት የሰነፈ ይመስለዋል። ችግሩ ግን በ7ኛ ክፍል የተፈጠረ ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ በ7ኛ ክፍል የተገለጠ ነው።

ይህ ክፍተት እስከ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይከተላል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ለውጤቱ ማነስ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ሆኖም ፈተናው በእንግሊዝኛ የሚሰጥ በመሆኑ የማንበብ ችሎታ ድርሻው ቀላል አይሆንም። የማንበብ መሠረት የሚጣለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ የክፍል ደረጃዎች ነው።

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን እንዴት ቦታውን ያዘ?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋዎችን ማስተማርን ዋና ሥራው አድርጎ የተነሣ ነበር። በዚያን ጊዜ ከሁሉም የላቀ ስፍራ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት መስጫነት ሲውል እንግሊዝኛ ለሁለተኛ ደረጃና ለከፍተኛ ትምህርት ቀጠለ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ደነገገ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም አንደኛ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ደረጃን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አድርጎ አዋቅሮታል። በዚሁ መሠረት 6ኛ ክፍል ተማሪው የክልል ወይም የከተማ አስተዳደር ፈተና የሚወስድበት የመጀመሪያው ማጠናቀቂያ ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጆችን የሚያሳስብ አንድ ነጥብ አለ። ልጆች በአማርኛ መማራቸው እንግሊዝኛቸውን ያደክማል የሚል ስጋት በሰፊው ይነገራል። በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ በካትሊን ሂው መሪነት በመማሪያ ቋንቋ ላይ ተካሂዶ በ1999 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት ግን ከዚህ የተለየ ነገር አሳይቷል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለረዥም ዓመታት የተማሩ ተማሪዎች በጥቅሉ የተሻለ ውጤት ሲያስመዘግቡ ታይተዋል። ምክንያቱም ማንበብ በአንድ ቋንቋ በሚገባ ከተያዘ ወደ ሌላው ቋንቋ የሚሸጋገር ችሎታ ነው። በመሆኑም በቤት ውስጥ አማርኛ፣ ጉራጊኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ሌላ ቋንቋ መነጋገር ለልጁ እንቅፋት አይሆንም። እንቅፋት የሚሆነው ልጁ በየትኛውም ቋንቋ አንብቦ የማይረዳ ሲሆን ነው።

ይህም በተግባር የታየ ችግር ነው። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንድ ያህሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ የእንግሊዝኛ ውጤቱ የወረደ ልጅ ወላጅ በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ «ልጄ አማርኛውን ያነባል ወይ?» የሚለው ነው።

በየክፍሉ ምን ይጠበቃል?

ወላጅ መከታተል የሚችለው ከልጁ የሚጠበቀውን ሲያውቅ ነው። ዝርዝሩ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በየምዕራፉ መጀመሪያ የተቀመጠ ሲሆን ጠቅለል ባለ መልኩ እንደሚከተለው ይገለጻል።

በ1ኛና 2ኛ ክፍል ትኩረቱ በማዳመጥና በመናገር ላይ ነው። ልጆች ሰላምታ መለዋወጥ፣ ስማቸውን መናገር፣ የመምህሩን ቀላል ትእዛዝ ሰምተው መፈጸም፣ የፊደላትን ስምና ድምፅ መለየት፣ አጫጭር ቃላትን ማንበብና መጻፍ ይለማመዳሉ።

በ3ኛና 4ኛ ክፍል ልጁ ከቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ይሸጋገራል። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ያነባል፤ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ትምህርት ቤቱና ስለ አካባቢው የራሱን ቀላል ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

በ5ኛና 6ኛ ክፍል አንቀጽ አንብቦ ጥያቄ መመለስ፣ የማያውቀውን ቃል ከዙሪያው ካሉት ቃላት ተነሥቶ መገመት፣ ሐሳቡን በአጭር አንቀጽ መጻፍ ይጠበቅበታል። በ7ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሳይንስ መጽሐፍ ለማንበብ የሚያበቃው ይኸው ደረጃ ነው።

ወላጆች ሊረዱት የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። በአማርኛ ፊደል በአመዛኙ አንዱ ፊደል አንድ ድምፅ አለው፤ «ለ»ን የለየ ልጅ በየትኛውም ቃል ውስጥ «ለ» ብሎ ያነበዋል። የእንግሊዝኛ 26 ፊደላት ግን ስማቸውና ድምፃቸው ይለያያል። «ሲ» የተባለችው ፊደል ድመት ማለት በሆነው «ካት» ውስጥ «ክ» ትላለች፤ ከተማ ማለት በሆነው «ሲቲ» ውስጥ ደግሞ «ስ» ትላለች። ቢላዋ ማለት የሆነው «ናይፍ» ሲጻፍ በ«ኬ» ይጀምራል፤ ሲነበብ ግን «ኬ» አትሰማም። ስለዚህ ልጁ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» እያለ በዜማ መዝለቁ ደስ የሚያሰኝ ጅምር ቢሆንም ማንበብ ችሏል ማለት አይደለም። የፊደላቱን ድምፅ አገጣጥሞ ቃል መመሥረት ሲጀምር ነው ማንበብ ጀመረ የሚባለው።

ወላጅ መረጃ የሚያገኝባቸው መንገዶች

መማሪያ መጽሐፍ። ከሁሉም አስቀድሞ በቤት ውስጥ የሚገኘው የመረጃ ምንጭ መጽሐፉ ነው። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በዲጂታል ቅጂም የተሰራጩ በመሆናቸው የታተመው መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ ወላጅ ቅጂውን ከትምህርት ቤቱ መጠየቅ ይችላል። ተጨማሪ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በሚጠቀሙ የግል ትምህርት ቤቶች ወላጆች የሚፈተነው ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ፣ የእያንዳንዱም የነጥብ ድርሻ ስንት እንደሆነ በመስከረም ወር ጠይቀው ቢረዱ ይመረጣል።

ደብተር። ደብተር ከካርድ የበለጠ ይናገራል። ሦስት ነገሮችን መመልከት ይበቃል። አንደኛው ቀኑ ሲሆን በሳምንት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ያሳያል። ሁለተኛው የመምህሩ እርማት ነው፤ ሥራው ታርሟል ወይስ ምልክት ብቻ ተደርጎበታል? ሦስተኛውና ዋነኛው ጽሑፉ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው ወይስ ልጁ ራሱ የጻፈው ነው የሚለው ነው። የእጅ ጽሑፉ ያማረ፣ ስሕተት የሌለበት ደብተር ሁልጊዜ የጥሩ ተማሪ ምልክት አይደለም፤ መገልበጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ስሕተት ያለበት፣ የታረመ፣ ልጁ በራሱ ቃል የጻፈው ዓረፍተ ነገር ትምህርት በእርግጥ እየተካሄደ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

የመገናኛ ደብተር። በበርካታ ትምህርት ቤቶች መምህሩና ወላጁ መልእክት የሚለዋወጡበት ደብተር አለ። ወላጅ ፈርሞ መመለስ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን በአማርኛ ሊጽፍበት ይችላል። «በዚህ ሳምንት ልጄ በእንግሊዝኛ ምን አስቸገረው?» የሚል አንድ መስመር ለመምህሩ በቂ መነሻ ይሆናል።

የቴሌግራም ቡድን። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ክፍሎች የቤት ሥራንና የፈተና ቀንን በቴሌግራም ያሳውቃሉ። መልእክት በቶሎ ለማድረስ ጠቃሚ ቢሆንም ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውን ወላጆች ያገልላል። እንደነዚህ ያሉ ወላጆች መልእክቱ በመገናኛ ደብተር ወይም በስልክ ጥሪ እንዲደርሳቸው ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ማሳወቅ ይገባቸዋል። የአንድ ልጅ ውጤት ወይም ድክመት ሁሉም በሚያየው ቡድን ላይ ሊጻፍ አይገባም፤ የልጁ ጉዳይ በግል የሚነገር ነው።

የወላጆች ስብሰባ። ስብሰባው ለአጠቃላይ ጉዳዮች እንጂ ስለ አንድ ልጅ ንባብ ለመነጋገር አይመችም። ስለዚህ ስብሰባው ሲያበቃ የእንግሊዝኛ መምህሩን ለአምስት ደቂቃ ማነጋገር ወይም ቀጠሮ መያዝ ይመከራል።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ ወላጆች በትምህርት ቤት አስተዳደር የሚሳተፉበትን አደረጃጀት ዘርግቷል። በትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብርም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ከአራቱ ዓበይት ርዕሶች አንዱ ነው። በተለምዶ «ወተመህ» የሚባለው ይህ ኅብረት የብዙ ልጆችን የጋራ ችግር፣ ለምሳሌ የመጽሐፍ እጥረትን ወይም ክፍለ ጊዜ ያለ መምህር ማለፉን፣ ለርዕሰ መምህሩ የሚያቀርብ አካል ነው።

ካርዱን እንዴት ማንበብ ይገባል?

ለማስረዳት ያህል የአንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪን ካርድ እንመልከት። አማርኛ 82፣ ሒሳብ 74፣ አካባቢ ሳይንስ 80፣ ግብረ ገብ 88፣ የክወናና እይታ ጥበባት 90፣ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ 92፣ እንግሊዝኛ 47። የሰባቱ ትምህርቶች አማካይ 79 ነው። ይህን አማካይ ያየ ወላጅ ልጁን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ሆኖም ይህ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛውን ትምህርት የሚማረው 47 ባመጣበት ቋንቋ ነው። አማካዩ አደጋውን ሸፍኖታል ማለት ነው።

ደረጃም እንዲሁ ነው። ከክፍሉ 5ኛ መውጣት ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የት እንዳለ ያመለክታል እንጂ ማንበብ መቻሉን አያመለክትም። ክፍሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ደካማ ከሆነ 5ኛ የወጣውም ደካማ ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም ወላጅ የእንግሊዝኛውን ውጤት ለብቻው መመልከት፣ ካለፈው ወሰነ ትምህርት ውጤት ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም ቁጥሩ ከምን እንደተገኘ መጠየቅ ይኖርበታል። ውጤቱ በአንድ ፈተና ብቻ የሚሰጥ ሳይሆን የክፍል ሥራን፣ የቤት ሥራን፣ አጫጭር ፈተናዎችንና የቃል ምዘናን የሚያካትት ተከታታይ ምዘና ውጤት ነው። በማዳመጥና በመናገር ጥሩ የሆነ ልጅ በንባብ ሊደክም ይችላል፤ የተገላቢጦሹም ይሆናል። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ለመምህሩ ሊቀርቡ ከሚገቡ ጥያቄዎች መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

ልጄ በማዳመጥ፣ በመናገር፣ በማንበብና በመጻፍ የትኛው ላይ ነው የሚቸገረው?
ያልተማረውን አዲስ ጽሑፍ ማንበብ ይችላል ወይስ የለመደውን ብቻ ነው የሚያነበው?
በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ይናገራል ወይ?
የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥበት ጊዜ አለ ወይ? ልጄስ ተመዝግቧል?
በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት በቤት ውስጥ ምን ላይ እንድናተኩር ይመክሩናል?

የመጨረሻው ጥያቄ ጠቃሚነቱ ጊዜ የተወሰነለት በመሆኑ ነው። ከአራት ሳምንት በኋላ ወላጁ ተመልሶ ለውጥ መኖሩን ለመጠየቅ ያስችለዋል።

እንግሊዝኛ ለማያነብ ወላጅ

ብዙ ወላጆች «እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ ምን ልረዳው እችላለሁ?» ሲሉ ይደመጣል። በሰንጋ ተራ አካባቢ ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ የጥበቃ ሠራተኛ፣ በጉልት የምትተዳደር እናት፣ የልጅ ልጁን የሚያሳድግ አያት ይህን ቢሉ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን መከታተል ማስተማር አይደለም። የሚከተሉት ዘዴዎች እንግሊዝኛ ማወቅን አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ልጁ በየቀኑ ለአሥር ደቂቃ ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ማድረግና በጣቱ እያንዳንዱን ቃል እየነካ እንዲሄድ ማሳሰብ ነው። ጣቱ ከአፉ ከቀደመ ወይም ወደ ኋላ ከቀረ ልጁ እያነበበ ሳይሆን በቃሉ የያዘውን እየደገመ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉን በእጅ ሸፍኖ ከገጹ መካከል አንድ ቃል በማመልከት «ይህ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከመጀመሪያው መስመር ካልጀመረ በቀር መመለስ የሚቸገር ልጅ ገጹን የሸመደደው እንጂ ያነበበው ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ንባቡ ሲያልቅ «አሁን ያነበብከውን በአማርኛ ንገረኝ» ማለት ነው። አሳምሮ አንብቦ ትርጉሙን መናገር የማይችል ልጅ ንባቡ ገና ድምፅ ማውጣት ብቻ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ማንኛውም ወላጅ ይችላል።

አራተኛ፣ ልጁ በየሳምንቱ ከተማራቸው ቃላት አምስቱን በወረቀት ጽፎ በቤት ውስጥ ባሉት ዕቃዎች ላይ እንዲለጥፍ መፍቀድ ነው። በር፣ ወንበር፣ መስኮት፣ ጠረጴዛ በዚህ መንገድ የቃላት መማሪያ ይሆናሉ።

አምስተኛ፣ ልጁ ሲሳሳት አለመሳቅና አለመቆጣት ነው። የውጭ ቋንቋ የሚለመደው በመሳሳት ነው፤ ስሕተቱ የሚያሳፍረው ልጅ መናገሩን ይተዋል፤ የማይናገርን ልጅ ድክመት ደግሞ መምህሩም ሊያውቅለት አይችልም።

ታላቅ ወንድም ወይም እህት፣ የአክስት ልጅ ወይም ጎረቤት ያለ ተማሪ ካለ ማገዝ ይችላል። ነገር ግን የቤት ሥራውን ሠርቶ መስጠት እገዛ አይደለም። መምህሩ ያልሆነውን እንዲያምን ያደርገዋልና።

ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ ጊዜ የማያገኙ ወላጆች

የሥራ ሰዓታቸው ከትምህርት ቤቱ ሰዓት ጋር የሚጋጭባቸው ወላጆች በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ሁለት ነገሮችን ቢያስመዘግቡ ይጠቀማሉ። አንደኛው የሚሠራ ስልክ ቁጥር፣ ሁለተኛው እነርሱ በማይመቻቸው ጊዜ የሚወክላቸው ዐዋቂ ሰው ስም ነው። አያት፣ አጎት ወይም ታላቅ እህት ሊወክሉ ይችላሉ። ልጁን የሚያሳድገው ወላጁ ካልሆነም አሳዳጊው በዚያው ጊዜ ራሱን ለትምህርት ቤቱ ማስተዋወቅ ይኖርበታል። ስልክ ቁጥር ሲቀየር ወዲያውኑ ማሳወቅ ቀላል ቢመስልም ብዙ መልእክቶች የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

መኖሪያ ሲቀየር

ስሙ የቀንድ ከብትን የሚያስታውሰው ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃዎችና የ40/60 ጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚገኙበት ሰፈር ሆኗል። በካዛንቺስም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ምክንያት በርካታ ቤተሰቦች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። መኖሪያ ሲቀየር የልጁ ትምህርት ቤትም ይቀየራል፤ የልጁ የንባብ ታሪክ ግን አብሮት ሳይሄድ ይቀራል።

ወላጅ ከቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛና የውጤት ማስረጃ ሲወስድ ሁለት ነገሮችን ቢጨምር ልጁን ይጠቅማል። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መምህሩ ስለ ልጁ ጥንካሬና ድክመት የሚጽፉት አጭር ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው የልጁ የእንግሊዝኛ ደብተር ነው፤ አይጣል። አዲሱ መምህር ሁለቱን ሲያዩ ልጁ የት ላይ እንዳለ ለማወቅ ወራት አይፈጅባቸውም። ልጁ አዲስ ክፍል በገባ በአንድ ወር ውስጥ ደግሞ መምህሩን ማነጋገር ይገባል፤ ዝምተኛነቱ ከእንግድነት ነው ወይስ ካለመረዳት የሚለው የሚለየው በዚያን ጊዜ ነውና።

መልስ ካልተገኘ

ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት መረጃ መጠየቁ መብቱ ነው። ጥያቄው በቅድሚያ የሚቀርበው ለትምህርቱ መምህር ወይም ለክፍል ኃላፊ መምህሩ ነው። ከዚያ ካልተፈታ ለምክትል ርዕሰ መምህሩና ለርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ለከተማው ትምህርት ቢሮ ማቅረብ ይቻላል። ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ ቀኑን መጥቀስና ቅጂውን መያዝ ይመከራል።

የመንግሥት አካላት በእጃቸው የሚገኘውን መረጃ ለጠየቀ ሰው እንዲሰጡ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይደነግጋል። በአዋጁ መሠረት ጥያቄው የቀረበለት አካል በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት ይኖርበታል። ምላሽ ያጣ ዜጋ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ይሁን እንጂ ስለ አንድ ልጅ ንባብ የሚነሣ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ከመምህሩ ጋር በሚደረግ የአምስት ደቂቃ ውይይት የሚፈታ ነው።

መምህራንም በበኩላቸው መረጃ የሚሰጡት ችግር ሲፈጠር ብቻ እንዳይሆን ይጠበቃል። ከትምህርት ቤት የሚደወል ስልክ ሁልጊዜ ክስ ይዞ የሚመጣ ከሆነ ወላጅ ስልኩን ማንሣት ይፈራል። ልጁ አንድ ገጽ በራሱ ያነበበ ዕለት በመገናኛ ደብተሩ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር በወላጅና በመምህር መካከል መተማመንን ይፈጥራል።

የዓመቱ የክትትል ጊዜያት

መስከረም፦ መጽሐፉን ማየት፣ የእንግሊዝኛ መምህሩን መተዋወቅ፣ ስልክ ቁጥርና ተወካይ ማስመዝገብ።

ኅዳር፦ ደብተሩን መመልከት፣ በቤት ውስጥ የንባብ ሙከራ ማድረግ፣ የተገኘውን ለመምህሩ መንገር።

ጥር መጨረሻ፦ የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውጤት ሲሰጥ የእንግሊዝኛውን ቁጥር ለብቻው ተመልክቶ መምህሩን ማነጋገር፤ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያስፈልገው ልጅ እንዲመዘገብ ማድረግ።

መጋቢት፦ ለውጥ መኖሩን ማረጋገጥ፤ በተለይ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ ስለ ፈተናው አሰጣጥ መረጃ መጠየቅ።

ሰኔ፦ ካርድ መቀበል፤ ለክረምቱ የሚሆን የንባብ ሥራ ከመምህሩ መውሰድ።

ይህን ቅደም ተከተል የተከተለ ወላጅ በሰኔ ወር ካርዱን ሲከፍት የሚያገኘው ውጤት እንግዳ አይሆንበትም። የልጁን ጥንካሬም ድክመትም አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ለማረም የሚያስችል ጊዜም ነበረው። በ6ኛ ክፍል ሰኔ የሚታወቅ ድክመት ለመምህሩም ለወላጁም የሚተወው ጊዜ አንድ ክረምት ብቻ ነው። በ3ኛ ክፍል ኅዳር የታወቀ ድክመት ግን ከሦስት ዓመት በላይ ጊዜ አለው።